ከአረብ አገር ለመመለስ ስናስብ የሚይዘን ፍርሃት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኩዌት ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ በ2011 ኮምቦልቻ ተመልሻለሁ፤ ለመመለስ የሚያስቡና ገና የተመለሱ እህቶቼ በስልክም በአካልም የሚጠይቁኝን ከመልሱ ጋር ጽፌዋለሁ።

ለዓመታት የናፈቅኩት አገሬ ነው። ታዲያ ለምን እፈራለሁ?

እኔም በመጨረሻው ዓመት ራሴን የጠየቅኩት ይሄንኑ ነው። ቀን ቀን ክረምት ላይ የሚሸተው የኮምቦልቻ አፈር ይናፍቀኛል። ማታ ትኬት መቁረጥ ሳስብ ደግሞ ሆዴ ይገለባበጣል። አገሬን የጠላሁ መስሎኝ አልቅሼም አውቃለሁ።

ነገሩ የገባኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሰው ቤት ስትሠሪ ድካሙ ብዙ ነው፣ ውሳኔ ግን የለሽም። ስንት ሰዓት እንደምትነሺ ማዳም ትወስናለች። ምን እንደሚበሰል፣ መቼ እንደምትተኚ፣ አንዳንድ ቤት ስልክ መቼ እንደምትይዢ ሳይቀር ሌላ ሰው ይወስናል። ኢቃማሽ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ከከፊልሽ (ስፖንሰር ከሆነው አሠሪሽ) ጋር የታሰረ ነው፤ ፓስፖርትሽም ብዙ ጊዜ እሱ ጋ ነው። ያገራችን ሰው «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለው ወዶ አይደለም።

እንዲህ ለዓመታት ኖረሽ፣ አንድ ቀን ከአውሮፕላን ስትወርጂ ሁሉም ውሳኔ በአንዴ እጅሽ ላይ ይወድቃል። የት ልኑር? ምን ልሥራ? ለማን ልስጥ? ማንን ልመን? ሆድሽን የሚገለባብጠው ይሄ ነው። ስለዚህ ለሚደውሉልኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ትልልቁን ውሳኔ አሳድሪው፣ ትንንሹን ግን ከዛሬ ጀምሮ ራስሽ ወስኚ።

የመመለሻዬ ጊዜ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

«አንድ ዓመት ብቻ ልጨምር» ብዬ አራት ጊዜ ኮንትራት አድሻለሁ። የመጀመሪያው ለቤት ጣራ ነበር። ሁለተኛው ለወንድሜ ትምህርት ነበር። ሦስተኛው እናቴ ዐይኗን እንድትታከም ነበር። ለአራተኛው ምክንያት አልነበረኝም፤ ፈርቼ ነው የጨመርኩት።

በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፊ። ገንዘቡ ለምን ነው፣ ስንት ነው፣ እስከ መቼ ነው። ሦስቱን መጻፍ ካቃተሽ የያዘሽ ገንዘቡ ላይሆን ይችላል። ከታመምሽ፣ ደመወዝ ከተከለከልሽ ወይም እጅ የሚነሳብሽ ቤት ውስጥ ካለሽ ግን ይህን ስሌት ተይው። እዚያ ቤት የሚጠበቅ የኮንትራት መጨረሻ የለም።

ከመነሳቴ በፊት እዚያ ምን መጨረስ አለብኝ?

መብትሽን ጠይቂ። ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ ነው የምንወጣው። ለምሳሌ ኩዌት ውስጥ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ሕግ ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት የአንድ ወር ፈቃድ ከነክፍያው፣ ሲጨርሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጣል። እኔ ይህን የሰማሁት ሰባተኛ ዓመቴ ላይ ነው፤ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጎረቤት። ሊባኖስ ያለሽ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የአገሩ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። እዚያ ያለሽ ማስረጃ ኮንትራትሽ ነው፤ ፎቶ አንስተሽ ለራስሽ ላኪው።

ፓስፖርትሽ አሠሪሽ ጋ ከሆነ ትኬት ሳይቆረጥ ቀደም ብለሽ ጠይቂ። ከአሠሪ ቤት ወጥተሽ በግልሽ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ሊሴፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ የሚያገለግል የመመለሻ ወረቀት) ማውጣት ይቻላል። የመኖሪያ ፈቃድ ቅጣቱ ግን ለብቻው ነው። አንዳንዴ መንግሥታቱ የምህረት ጊዜ ያውጃሉ። ሳዑዲ በመጋቢት 2009 ዘጠና ቀን ሰጥታ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተመዝገቢ። መጨረሻ ላይ ያለውን ሰልፍ ያየ ያውቀዋል።

የመጨረሻውን ትልቅ ገንዘብ ደግሞ ቀድመሽ ለማንም አትላኪ። አንቺው ይዘሽው ወይም በራስሽ ሂሳብ አስገብተሽው ነይ።

ባዶ እጄን ብመለስስ? ሰው ምን ይለኛል?

ይላል። እንዳልዋሽሽ እውነቱን ልንገርሽ፤ ቡና ላይ ይወራል። «ይህን ሁሉ ዓመት ኖራ ምን ይዛ መጣች?» ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ይከብዳሉ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሌላ ወሬ ያገኛል።

በ2006 ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ስንቶቹ አንድ ፌስታል ብቻ ይዘው ቦሌ ወርደዋል! ወሎ ውስጥ የተመላሽ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ከእነሱ መካከል ዛሬ ሱቅ ያላቸው፣ ልጅ አሳድገው ያስመረቁ፣ ከእርሻቸው ጋር የታረቁ አሉ። ያኔ ባዶ እጃቸውን መምጣታቸውን አሁን የሚያነሳባቸው የለም።

አንድ ነገር ግን አድርጊ። ከመምጣትሽ በፊት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ብቻ፣ ትክክለኛውን ነገር ንገሪ። እናትሽ ልትሆን ትችላለች፣ እህትሽ ወይም ጓደኛሽ። ሁሉም ሰው ሀብታም ናት ብሎ በሚጠብቅሽ ቤት ብቻሽን እውነቱን ይዘሽ መግባት ነው ሰውን የሚሰብረው።

ሻንጣው ውስጥ ምን ላድርግ?

ለእናትና ለአባትሽ፣ ለልጅሽ፣ አንቺ በሌለሽበት ቤትሽን ለያዘው ሰው። በቃ። ኒዶና ብርድ ልብስ ለጎረቤት ሁሉ ለማዳረስ ተበድረው ትርፍ ኪሎ የከፈሉ ልጆች አውቃለሁ። ጎረቤት መጥቶ «እንኳን ደህና ገባሽ» ሲልሽ ቡና አፍልተሽ፣ ዳቦ ቆርሰሽ ተቀበይው። ያንን የሚንቅ ሰው ብርድ ልብሱንም ይንቀው ነበር።

ስደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ተኚ። ከልቤ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኚ፣ ብዪ፣ እናትሽ አጠገብ ቁጭ በዪ።

ከዚያ ወረቀትሽን አስተካክዪ። በራስሽ ስም ሲም ካርድ አውጪ። ለፋይዳ መታወቂያ ተመዝገቢ፤ አሁን ባንክ ሂሳብ ለመክፈት ይጠየቃል። የራስሽን ሂሳብ ክፈቺ። የቆየ ውክልና ለማንም ሰጥተሽ ከነበረና ከእንግዲህ የማያስፈልግ ከሆነ ሻሪው። ወደ ትውልድ ቦታሽ የምትሄጂበት መንገድ ሰላም መሆኑንም ከአዲስ አበባ ሳትነሺ ጠይቂ። ጤናሽን ተመርመሪ፤ ወገብሽን፣ ኩላሊትሽን፣ ደምሽን። ስንት ዓመት «ያልፋል» ብለሽ የዋጥሽው ሕመም ይኖራል።

የቀረው ልምምድ ነው። ዛሬ ምሳ ምን ልብላ? በየት በኩል ልሂድ? የትኛውን ቀሚስ ልልበስ? እኔ መጀመሪያ ሰሞን ገበያ ሄጄ ሽንኩርት መምረጥ አቅቶኝ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሻጯ ሴትዮ «ምነው ልጄ?» ስትለኝ ዕንባዬ መጣ። ማፈር አያስፈልግም። ለዓመታት ያልሠራ እጅ ነው፤ ቀስ ብሎ ይፍታታል። ስለዚህ ለስድስት ወር ቤት አትግዢ፣ ንግድ አትክፈቺ፣ አታግቢ፣ ተመልሰሽም አትሂጂ። ስድስት ወር ብዙ ይመስላል። ካለፈው ዘጠኝ ዓመት ጋር ስታስተያዪው ግን ምንም አይደለም።

ሌሊት ደወል የሰማሁ እየመሰለኝ እባንናለሁ። አብጄ ይሆን?

አላበድሽም። ማዳም ስትፈልገኝ ክፍሌ ያለውን ደወል ትጫን ነበር። ኮምቦልቻ ገብቼ ለአራት ወር ያህል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብድግ ብዬ ቆሜ እገኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ኩሽና ውስጥ ብረት ድስት ወደቀባት፤ እኔ ሳሎን ሆኜ በአረብኛ «መጣሁ» አልኩ። ሰውነት በአንድ ቀን አገር አይቀይርም።

የሚቀለው አብዛኛው በጊዜ፣ በእንቅልፍና በሰው መካከል በመሆን ይቀላል። ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ። ከወር በላይ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ መኖር ካስጠላሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ሂጂ። በርካታ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል አለ። ቤተሰብ የሌላት ወይም ቤተሰቧ ጋ መግባት ያልቻለች ተመላሽ ሴትን እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ማረፊያ ሰጥተው ያሳክማሉ።

ጸበል ሂጂ ብትባዪ ሂጂ። ሼኹ ጋ ዱዓ እናስደርግ ቢሉሽም እሺ በይ። የኛ አገር ሰው ልብ የሚያርፈው እዚያ ነው። መድኃኒቱን ግን አታቋርጪ። ሁለቱ አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሰው ካጋጠመሽ ሌላ ቦታ ሂጂ።

ዘመድ ሁሉ ብር ይጠይቀኛል። እንዴት እምቢ ልበል?

እኛ ቤት እምቢ ማለት ስድብ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ለዓመታት በስልክ «እሺ» ስንል ኖረናል። ስለዚህ ብሩን ራሱን እምቢ የሚል አድርጊው። ባንክ ሄደሽ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ አስገቢው፤ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት። ከዚያ «ታስሯል» ማለት ውሸት አይሆንም። ወለዱ ትልቅ ላይሆን ይችላል፤ የምትገዢው ግን ፋታ ነው።

ለመድኃኒትና ለቀብር ስጪ። ለትምህርት ቤት ክፍያ ከቻልሽ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ክፈዪ። «በሁለት ወር እመልሳለሁ» ለሚል የንግድ ብድር ግን፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ የአባትሽ ልጅም ቢሆን አትስጪ። ይህን ስል ልቤ ደንድኖ አይደለም። እኔ 70 ሺህ ብር አበድሬ ብሩንም ዘመዴንም አጥቻለሁ፤ ብሩ ይቅር፣ ሰውየው ያሳዝነኛል። ባላበድረው ኖሮ ዛሬ ለበዓል ቤቴ ይመጣ ነበር።

ብር እየወረደ ነው። ቶሎ ቤት ወይም ቦታ ካልገዛሁ ላብ አደርነቴ በከንቱ አይቀርም?

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ውስጥ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያንን ያየች ሴት ብሯን ባንክ ማቆየት ብትፈራ አልፈርድባትም። ከቻልሽ ከመምጣትሽ በፊት በውጭ ምንዛሪ ማስቀመጥ የሚቻልባቸውን ሂሳቦች ባንክሽን ጠይቂ።

ግን በዋጋ ንረት በዓመት የምታጪውና ወረቀት በሌለው ቦታ በአንድ ቀን የምታጪው አይወዳደርም። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ የይዞታው መብት ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። በከተማ ዳር ከገበሬ ላይ በሽማግሌ ወረቀት ቦታ ገዝተው፣ ቤት ሠርተው፣ ግሬደር የመጣባቸው እህቶች አሉ። ያ ሁሉ የብረት ምጣድ ፊት የተላበ ላብ በግማሽ ቀን አፈር ሆነ።

ስለዚህ ካርታውን በፎቶ አትመኚ። ራስሽ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጪ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈራረሙ። ደላላው «ዛሬ ካልከፈልሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ካለሽ፣ ይውሰደው።

ምን ሥራ ልጀምር?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው በሁለተኛው ወር ነው፤ እንግዳው ሲቀንስ፣ ብሩ ሲሳሳ፣ እጅ ሥራ ሲፈታ። ያኔ ሁሉም ሰው አንድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ወንድም ባጃጅ ግዢልኝ ይላል። ጓደኛ ልብስ ቤት እንክፈት ትላለች። የሰፈር ልጅ ዶሮ ይላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ባጃጁን ወንድምሽ ነው የሚነዳው፤ አንቺ ዋጋውን እንጂ ገቢውን አታውቂውም። ልብስ ቤቱ የሚከስረው በኪራይ ነው፤ ስድስት ወር ወይም ዓመት ቀድመሽ ትከፍያለሽ፣ ልብሱ ገና ሳይሸጥ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ምግብ ቤት መክፈት ፈልጌ ነበር። አንዲት ሴት ምሳ የምትሸጥበት ቤት ለሁለት ወር ተቀጥሬ ሠራሁ። ከኩዌት የመጣች ሴት ሰው ቤት ሳህን ታጥባለች ተብሎ ተወርቷል። ግን በሁለት ወር ውስጥ ሽሮ በኪሎ ስንት ሳህን እንደሚወጣው፣ ጾም ሲገባ ገበያው ወዴት እንደሚዞር፣ ዱቤ የሚበላ ማን እንደሆነ፣ ዘይት ሲወደድ ዋጋ እንዴት እንደሚጨመር አወቅኩ። የፋብሪካ ሠራተኞች በየስንት ቀኑ ደመወዝ እንደሚቀበሉም አወቅኩ፤ ለኮምቦልቻ ይሄ ዋናው ነገር ነው። ከዚያ በአምስት ወንበር ጀመርኩ። አሁን አሥራ ስምንት ነው።

እጅሽ ላይ ያለውንም አትናቂው። አረብኛ ትናገሪያለሽ። አዛውንት ማንሳት፣ ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ትችያለሽ። ሕፃን አሳድገሻል። ሃያ ሰው የሚበላበት ድግስ ብቻሽን አዘጋጅተሻል። አዲስ አበባ ውስጥ የታመመ ወላጅ ያለው ቤተሰብ ይህን የምትችል ሰው በመብራት ይፈልጋል። የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ወስደሽ ወረቀት ብትይዢበት ደግሞ በሆቴልም ትቀጠሪያለሽ። የወረዳውን የሥራና ክህሎት ቢሮ ጠይቂ። ምልልሱ ያሰለቻል፣ ግን ጠይቂ። ዕቁብም ግቢ፤ ትንሽ ቢሆንም። ዕቁብ ውስጥ ያሉ ሴቶች የገበያውን ወሬ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

ዕድሜዬ 34 ሆኗል። ትዳርና ልጅ አመለጠኝ ማለት ነው?

አይደለም። ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ግን የማህፀን ሐኪም ጋ ሄደሽ ስለ ራስሽ ሰውነት እወቂ። ከሰፈር ወሬ ይሻላል።

የምሰጋው በሌላው በኩል ነው። ከአረብ አገር የመጣች ሴትን በሦስት ሳምንት የሚያጭ ወንድ አለ። ቤተሰብም «ጊዜሽ አለፈ» እያለ ይገፋል። እዚያ ያለው ብቸኝነት ደግሞ ልብን ያራቁታል፤ አንድ ሰው «በላሽ ወይ?» ሲልሽ ዓለም የተሰጠሽ ይመስልሻል። ስድስት ወር ቆይ በይው። ከወደደሽ ይቆያል። ገንዘቡ በጊዜ ገደብ መታሰሩንም ንገሪውና ፊቱን እዪ።

ልጄ አያቷን «እማዬ» ትላለች፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እኔም አልፌበታለሁ። ልጄን ጥያት የሄድኩት ገና በሁለት ዓመቷ ነው። ስመለስ አሥራ አንድ ሞልቷት ነበር። ቦሌ ድረስ መጥታ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ያመጣሁላትን አሻንጉሊት አየችውና «ለትንሽ ልጅ ነው» አለች። ትክክል ነበረች። እኔ የገዛሁት ለሁለት ዓመቷ ልጄ ነበር።

እናቴን «እማዬ» አትበያት ብዬ አልከለከልኳትም። ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ስሙ የሚገባት ነው። እኔ ቦታ የያዝኩት በሥራ ነው። ጠዋት ጸጉሯን መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ አንገቷን ታደነድን ነበር። ከትምህርት ቤት አመጣት ነበር፤ ምንም ሳናወራ እንሄዳለን። ስታጠፋ የመገሠጹን ነገር ለእናቴ ተውኩ፤ እንግዳ ሰው ሲቆጣ ልጅ አይሰማም። በስምንተኛው ወር አካባቢ አንድ ማታ ትኩሳት ያዛትና የጠራችው እኔን ነበር። በስሜ ነው የጠራችኝ። ግን እኔን ነበር።

ልጅሽ «ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?» የምትልበት ቀን ይመጣል። «ለአንቺ ብዬ ነው» አትበያት፤ ዕዳ ትሸከማለች። የሆነውን ንገሪያት። ገንዘብ አልነበረንም፣ ሌላ መንገድ አልታየኝም፣ በየቀኑ ትናፍቂኝ ነበር። ከተቆጣች ትቆጣ፣ አንቺ ከክፍሉ አትውጪ።

ለዓመታት ለቤተሰብ የላክሁት ገንዘብ የለም። ቤቱም በሌላ ሰው ስም ነው። ምን መብት አለኝ?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ የሚለያየው ሰውየው ማን እንደሆነ በማየት ነው። ባልሽ ከሆነ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ ባልና ሚስት ሠርተው ያገኙትን ገቢ የጋራ ይለዋል። ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የክልሎቹ የቤተሰብ ሕጎችም በዚህ ጉዳይ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ በስሙ ያለው ቤት የእሱ ብቻ ነው ቢሉሽ አትደንግጪ።

ወንድም፣ አባት ወይም አጎት ከሆነ ግን ከባድ ነው፤ ማስረጃ ያስፈልግሻል። በባንክ የላክሽበትን ደረሰኝ፣ «ለቤቱ ነው» የተባባላችሁበትን የስልክ መልእክትና የድምፅ ቅጂ ሰብስቢ። ከባንክ ውጭ በሰው በኩል በሐዋላ የላክሽው ወረቀት የለውም፤ የምስክር ስም ያዢ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ ያማክራል። የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው።

ሽማግሌ መጀመሪያ ይቀመጥ ካሉሽ ይቀመጥ፣ እኔም እመክራለሁ። ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ምስክር ይፈርምበት። እኔ ከወንድሜ ጋር በሽማግሌ ጨርሻለሁ። የላክሁትን ሁሉ አላገኘሁም። ሁለት ክፍል አገኘሁ፣ በስሜ አዞርኩት። ፍርድ ቤት ብሄድ የበለጠ አገኝ ነበር ይሆናል፤ እናቴ ግን በሁለታችን መካከል ቆማ ስታለቅስ ማየቱን አልቻልኩም። አንቺ ሌላ ብትመርጪ ማንም አይፍረድብሽ። ገንዘቡ ላይ መቆጣትም ኃጢአት አይደለም።

ሁሉም አልሆነልኝም። ተመልሼ ብሄድስ?

በሦስተኛው ወር እኔም ደላላ ጋ ደውዬ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ጠየቅኩ፤ እዚያ ምን ናፈቀኝ? ደመወዙ አልነበረም። ጠዋት ምን እንደምሠራ የሚነግረኝ ሰው ነበር የናፈቀኝ። ይህንን ለራሴ ስናገረው አፈርኩ፤ ግን ከዚያ በኋላ ስድስት ወሩን መጨረስ ቀለለኝ። አንቺም ስድስት ወር ሳይሞላ አትወስኚ። ሲሞላ፣ ሒሳቡን ሠርተሽ «እሄዳለሁ» ካልሽ ግን ሽንፈት ብዬ አልጠራውም።

ብትሄጂ በሕጋዊው መንገድ ሂጂ። ከጥቅምት 2006 እስከ 2010 መንግሥት ጉዞውን አግዶት በነበረ ጊዜ በበረሃና በባሕር የሄዱትን ስንቶቹን እንዳጣን እናውቃለን። አሁን መንገዱ ክፍት ነው፤ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ ስምምነት ወዳለው አገር። በአዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛውንና የደርሶ መልሱን ትኬት የሚከፍለው አሠሪው ነው። አንቺ የምትከፍዪው እንደ ፓስፖርት፣ ሕክምና ምርመራና የብቃት ምዘና ያሉትን ነው። ለቪዛ ብር አምጪ የሚል ሰው ካጋጠመሽ ተመለሺ።

ኮንትራቱን አንብቢው፣ ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንስተሽ ለሁለት ሰው ላኪ። ገንዘቡን በራስሽ ስም ወዳለ ሂሳብ ላኪ። ልጅ ካለሽ ደግሞ እኔ መጀመሪያ እንዳደረግኩት በሌሊት፣ ተኝታ ሳለች አትውጪ። ቀን ላይ ዐይኗን እያየሽ ንገሪያት። የምትመለሺበትን ወር ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ አብራችሁ ክበቡት።